ኢሜይላችሁን ማን ማን ያየዋል? የአንድ መልእክት ጉዞ ከመካነ ሰላም እስከ ባሕር ማዶ

«ኢንተርኔት ላይ የማደርገውን ነገር ሰው እንዳያይብኝ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መልስ የአንድ አፕ ስም ነው። «ቪፒኤን ጫን»፣ «ኢንኮግኒቶ ክፈት»፣ «ፓስወርድ ቀይር»። መልሶቹ ስሕተት ናቸው ማለት አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ከማን? ከታናሽ ወንድማችሁ የሚደብቃችሁ ዘዴ ከቴሌኮም ድርጅቱ አይደብቃችሁም። ከቴሌኮሙ የሚደብቃችሁ ደግሞ ከጎግል አይደብቃችሁም። «ከማን?» የሚለውን ሳንመልስ የጫንነው አፕ በሩ ክፍት ሆኖ መስኮት እንደመዝጋት ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ መልእክት ከመነሻው እስከ መድረሻው እየተከተልን፣ በየደረሰበት ማን ምን እንደሚያይ እንቁጠር። መነሻችን መካነ ሰላም ይሁን። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስ የምትማር አንዲት ተማሪ ለስኮላርሺፕ ልታመለክት ነው እንበል። ኢሜይሉ ላይ የትምህርት ማስረጃዋ፣ የፓስፖርቷ ኮፒ፣ የቤተሰቧ ገቢ ሳይቀር አለ። ይህ ሁሉ የማይመለከተው ሰው እጅ እንዲገባ አትፈልግም።

መንገዱ ላይ እነማን አሉ?

«ላክ» የሚለውን ስትነካ መልእክቱ ዘሎ ባሕር ማዶ አይደርስም። መጀመሪያ ከስልኳ ወይም ከላፕቶፕዋ ይነሣል። ቀጥሎ በካምፓሱ ዋይፋይ፣ በሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያው ባለው የኔትወርክ ማማ በኩል ያልፋል። ከዚያ በፋይበር መስመር ወደ ቴሌኮሙ ዋና ጣቢያዎች ይጓዛል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከአገር የሚወጣው ዳታ የባሕር ውስጥ ኬብሎችን የሚያገኘው እንደ ጂቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው። ቀጥሎ የኢሜይል ድርጅቱ ሰርቨር ይቀበለዋል፤ ይኸኛው ለዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ያስተላልፈዋል፤ በመጨረሻ ተቀባዩ ሰው ስክሪን ላይ ይከፈታል።

እንቁጠራቸው፦ መሣሪያው፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌኮሙ፣ የውጭ መስመሩ፣ የኢሜይል ድርጅቱ፣ ተቀባዩ። ስድስት ቦታ። አሁን ጥያቄያችን እያንዳንዳቸው ምን ያያሉ የሚል ነው።

በረዳት እጅ የተላከ ወረቀት

ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ በሚገባ አውቶብስ ወረቀት ልካችሁ ታውቁ ይሆናል። ለረዳቱ ትሰጡታላችሁ፣ ደሴ መናኸሪያ ላይ የናንተ ሰው ይቀበለዋል። ወረቀቱን ሳታሽጉ ከሰጣችሁት ረዳቱ ሊያነበው ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪም ይችላል። መንገድ ላይ ሻይ የጠጡበት ቤትም ቢሆን ያው ነው። የድሮው ኢንተርኔት በአብዛኛው እንዲህ ነበር የሚሠራው። በኤችቲቲፒ የሚላክ ገጽ ግልጽ ወረቀት ነው፤ በመሀል ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ያነበዋል።

ኤችቲቲፒኤስ ሲሆን ግን መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ኤስ» ነገሩን ትለውጠዋለች። ወረቀቱ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይላካል። ይህ ቁልፍ ምስጠራ ይባላል። ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ ድረ ገጾች በዚህ ነው የሚሠሩት፤ ዊኪፔዲያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሁሉም አንባቢ ኤችቲቲፒኤስን ግዴታ አድርጓል።

ቆይ ግን፣ አንድ ችግር አለ። ሳጥኑን ቆልፋችሁ ብትልኩ ተቀባዩ እንዴት ይከፍተዋል? ቁልፉንም በዚያው ረዳት ከላካችሁት መቆለፉ ምን ጠቀመ?

ጓጉንቸሩን ክፍት አድርጎ መላክ

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1976 በዊትፊልድ ዲፊና በማርቲን ሄልማን ጽሑፍ ለዓለም ይፋ ሆነ። በዓመቱ ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ተግባራዊ የሚሆን ቀመር ጨመሩበት። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ደሴ ያለው ጓደኛችሁ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አስቀርቶ ጓጉንቸሩን ብቻ፣ ክፍት አድርጎ፣ በረዳቱ ይልክላችኋል። እናንተ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከታችሁ በዚያ ጓጉንቸር ትቆልፉታላችሁ። ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አያስፈልግም፣ መጫን ብቻ ነው። ከተቆለፈ በኋላ ግን እናንተም ራሳችሁ መክፈት አትችሉም። ቁልፉ መንገድ ላይ ጭራሽ አልወጣም።

ይህን «ጓጉንቸር» ከሒሳብ መሥራት ይቻላል። 61ን በ53 አባዙ ብትባሉ በወረቀት ትሠሩታላችሁ፤ 3233 ይመጣል። አሁን ተቃራኒውን እንጠይቅ፦ 3233 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ቁጥሮቹ እነማን ናቸው? ይኸኛው ያደክማል፤ አንድ በአንድ እየሞከሩ ማካፈል ይጠይቃል። ማባዛት መቆለፍ ነው፣ ቀላል። መልሶ መፍታት ያለቁልፍ መክፈት ነው፣ ከባድ። እውነተኛው ምስጠራ ላይ የሚሠራበት ቁጥር ደግሞ ባለ አራት አሃዝ አይደለም። በሰፊው የተለመደው መጠን ከ600 አሃዝ በላይ አለው። ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች እንዲህ ያለውን ቁጥር በዚህ መንገድ መፍታት አልተቻለም።

ተንኮለኛ ረዳትስ ቢያጋጥም? የጓደኛችሁን ጓጉንቸር አስቀርቶ የራሱን ቢሰጣችሁ፣ ሳጥኑን መንገድ ላይ ከፍቶ አንብቦ በጓደኛችሁ ጓጉንቸር መልሶ ይቆልፈዋል፤ ማንም አይነቃም። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ጓጉንቸር ማኅተም የሚያስፈልገው። የጥንት ነገሥታት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ያሳርፉ የነበረው ምስጢሩን ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን «ይህ ከእኔ ነው» ለማለትም ነው። ድረ ገጾችም እንዲሁ የታወቁ አካላት ያረጋገጡላቸው የዲጂታል ማኅተም አላቸው፤ ሰርተፊኬት ይባላል። ብራውዘራችሁ ማኅተሙን ይመረምራል። ካላመነበት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ሰው «ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል። ኢሜይልና ባንክ ላይ ይህን ማስጠንቀቂያ በፍጹም አትለፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ስላያችሁ ብቻ ድረ ገጹ ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም። ሌባም ጓጉንቸር መግዛት ይችላል! የስኮላርሺፕ ፎርም መስሎ የተሠራ የአጭበርባሪ ገጽም ኤችቲቲፒኤስ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉ የሚነግራችሁ መንገዱ የተዘጋ መሆኑን እንጂ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ጨዋ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ይለፍ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ።

ሳጥኑ ተቆልፎም የሚታይ ነገር

ረዳቱ የተቆለፈውን ሳጥን አይከፍተውም። ግን ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ መቼ እንደተላከ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ኢንተርኔት ላይም ልክ እንዲሁ ነው። ዊኪፔዲያ ስትከፍቱ ቴሌኮሙ በአብዛኛው ዊኪፔዲያ መግባታችሁን ያያል፤ የትኛውን ጽሑፍ እንዳነበባችሁ ግን አያይም። ምክንያቱም ብራውዘራችሁ ገና ሲነሣ «ይህ ድረ ገጽ የት ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሳይታሸግ ነው የሚላከው።

«ታዲያ የድረ ገጹን ስም ብቻ ቢያውቁ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ስለ አንድ በሽታ ብቻ የሚጽፍ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው በሳምንት አምስት ሌሊት ከገባ፣ ያነበበውን ሳያዩም ብዙ መገመት ይቻላል። ፖስታው ራሱ ይናገራል።

ኢሜይል ለምን ይለያል?

ኢሜይል ከምናውቀው ኢንተርኔት ይቀድማል። ሬይ ቶምሊንሰን በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ ደግሞ በ1982 ሲወጣ ምስጠራ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ያኔ ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ይተዋወቃሉ። ቁልፉ የተጨመረው በኋላ ነው።

ዛሬ ትልልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች መልእክቱን መንገድ ላይ ያሽጉታል። ግን በየሰርቨሩ ሲደርስ ሳጥኑ ይከፈታል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምር የተጠቃሚዎችን መልእክት በኮምፒውተር እያነበበ ተስማሚ ማስታወቂያ ያሳይ ነበር፤ ይህን እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2017 ነው። አሁንም ቢሆን አጭበርባሪ መልእክት ለመለየት ማሽኑ ያነባል። ባጭሩ የተማሪዋን ኢሜይል ቴሌኮሙ ባያነበውም የኢሜይል ድርጅቱ ማንበብ ይችላል፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም በራሱ ሰርቨር ላይ እንዲሁ።

ከላኪው ጣት እስከ ተቀባዩ ዐይን ድረስ በመሀል ማንም የማይከፍተው ምስጠራም አለ። ለኢሜይል ፊል ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራው ፒጂፒ የዚህ ዓይነት ነው፤ አጠቃቀሙ ስለሚከብድ ግን ብዙ አልተስፋፋም። በመልእክት አፖች በኩል ሲግናል እንዲህ ይሠራል፤ ዋትሳፕም በ2016 ለሁሉም ተጠቃሚ አዳርሶታል። እኛ አገር በብዛት የምንጠቀምበት ቴሌግራም ላይ ግን ልብ በሉ፦ ተራው ቻት የዚህ ዓይነት አይደለም፤ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታሸገው «ሲክሬት ቻት» የሚለውን ራሳችሁ ስትከፍቱ ብቻ ነው።

ለተማሪዋ ታዲያ ምን ይሻላታል? ዩኒቨርሲቲው የራሱ የማመልከቻ ገጽ ካለው ፓስፖርቷን በኢሜይል ከምትልክ እዚያ ብትጭን ይመረጣል፤ ቢያንስ በመሀል ያለው የኢሜይል ድርጅት ይቀራል። በኢሜይል ካልሆነ አይሆንም ከተባለች ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፋ ይለፍ ቃሉን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ ትንገራቸው።

ቪፒኤንና ኢንኮግኒቶ የሚሠሩትና የማይሠሩት

እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት አንሥቶ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ቪፒኤን የማያውቅ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥራው እንዲህ ነው፦ ሳጥናችሁን ሌላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ወደ ራሱ ሰርቨር ይወስደዋል፣ ከዚያ ወደ መድረሻው ይልከዋል። ቴሌኮሙ የሚያየው ከቪፒኤኑ ጋር መገናኘታችሁን ብቻ ነው። ጥሩ። ግን ቴሌኮሙ ያይ የነበረውን አሁን የሚያየው ማነው? ቪፒኤኑ! ረዳቱን ነው የቀየራችሁት፣ ጉዞው ያለ ረዳት አልሆነም።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። ኦናቮ የሚባል ነጻ የቪፒኤን አፕ ነበር፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዛው። «ዳታችሁን እንጠብቃለን» እያለ ሰዎች የትኞቹን አፖች ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ይሰበስብ ነበር። በ2018 ከአፕል መደብር ወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። ነጻ ቪፒኤን ስትጭኑ «ወጪውን ማን ይከፍላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቶር የሚባለው ብራውዘር ይህን ችግር በተለየ መንገድ ይፈታዋል። መልእክቱን በሦስት ረዳቶች ያቀባብላል፤ የመጀመሪያው ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፣ የመጨረሻው መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። ዘገምተኛ ነው፣ ሊታገድም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ በኔትወርኩ ላይ ተለይቶ ታግዶ እንደነበር አዘጋጆቹ ዘግበዋል።

ኢንኮግኒቶስ? እሱ የሚሠራው ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። የጎበኛችኋቸውን ገጾች ዝርዝር አያስቀርም፤ መስኮቱን ስትዘጉም ከገባችሁበት አካውንት ያስወጣችኋል። ከቴሌኮሙም ከድረ ገጹም አይሰውራችሁም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክስ የቀረበበት ጎግል እ.ኤ.አ. በ2024 ሰዎች በዚህ ዘዴ ሲያስሱ የሰበሰባቸውን በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦች ሊያጠፋ ተስማምቷል። ኢንኮግኒቶ ለተውሶ ስልክና ለኢንተርኔት ካፌ ግሩም ነው፤ ከዚያ ያለፈ አትጠብቁበት።

ሌባው ቤት ከገባስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ መንገድ ነው። ጓጉንቸሩ የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ ቤቱን አይደለም። ለዚህ ከኢትዮጵያውያን ታሪክ የበለጠ ማስተማሪያ አላገኝም።

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር፣ ኢትዮጵያ የተወለደ አንድ አሜሪካዊ ዜጋ እ.ኤ.አ. በ2012 የዎርድ ሰነድ የተያያዘበት ኢሜይል ደረሰው። ሰነዱ ሲከፈት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ተጫነ። በክሱ ላይ እንደተገለጸው ሶፍትዌሩ የስካይፕ ጥሪዎቹን፣ ኢሜይሎቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት ፍለጋ ሲቀዳ ወራት ቆየ። ልጁ ለ9ኛ ክፍል ትምህርቱ ያደረገው ፍለጋ ሳይቀር ተቀድቷል። መረጃው ይላክ የነበረው ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር መሆኑን ክሱ ያስረዳል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በ2013 ባወጣው ጥናትም ኢትዮጵያ ውስጥ የፊንስፓይ ሰርቨር ማግኘቱን አሳውቋል። ሰውየው «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ስላለው ጉዳዩን ማየት አልችልም ብሎ ዘጋው፤ ስለላው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን አልወሰነም።

አሁን ከኤንጂነር ዐይን እንየው። ስካይፕ መንገድ ላይ ይመሰጠር ነበር። ኤችቲቲፒኤስም ነበር። ምንም አልጠቀመም። ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ሳጥኑን አልሰበረም፤ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ላኪው ጠረጴዛ ላይ አነበበው። የተከፈተው በር ደግሞ አንድ ኢሜይል ላይ የተያያዘ ፋይል ነበር። ሶፍትዌርን ማደስና ያልጠበቁትን አባሪ አለመክፈት ተራ ምክር የሚመስለው ሰምተነው ሰምተነው ስለሰለቸን እንጂ ከቪፒኤን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ያልጠበቃችሁት ፋይል ከምታውቁት ሰው ቢመጣ እንኳ ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉ።

ከሩቁ ይልቅ የቅርቡ

እውነቱን እንነጋገር። መካነ ሰላም፣ አቀስታ ወይም አጅባር ያለ ወጣት ላይ የስለላ ድርጅት ከሚነሣበት ይልቅ የሚያውቀው ሰው አካውንቱን የሚከፍትበት ዕድል እጅግ ይበልጣል። ስልክ የገዛንበት ሞባይል ቤት ኢሜይል ይከፍትልናል፣ ይለፍ ቃሉንም እሱ ይመርጣል። ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ሰነድ አትመን ፋይሉን እዚያው እንተወዋለን። የጓደኛ ስልክ ላይ ገብተን ሳንወጣ እንመልሳለን። ኢሜይል ደግሞ የሁሉም ቁልፍ ነው፦ የፌስቡክም የሌላውም አካውንት «ይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ሲባል አዲሱ የሚላከው እዚያ ነው። እሱን የያዘ ሁሉንም ይይዛል።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ፦

አንደኛ፣ ሰው የከፈተላችሁን አካውንት ይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሩ። መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆነም እዩ፤ የሞባይል ቤቱ ልጅ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ይለፍ ቃል አታድርጉ። በ09 ወይም በ07 ስለሚጀምር ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች 200 ሚሊዮን ብቻ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ቀላል ነው። የሚያውቃችሁ ሰው ደግሞ መገመትም አያስፈልገው! ዝም ብለው የተመረጡ 8 የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደሎች ወደ 209 ቢሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። ከ1,000 ቃላት ዝርዝር በዕጣ የወጡ 5 ቃላት ግን 1,000 ትሪሊዮን ይሰጣሉ። «በግ፣ ጣራ፣ ሐሙስ፣ ማንኪያ፣ ገደል» ዓይነቱን ማስታወስም አይከብድም፤ ይህችን ግን አትጠቀሙባት፣ ታትማለች። ዕጣው ዕጣ ይሁን፤ ከዘፈን ወይም ከተረት የተወሰደ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ኢሜይላችሁ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ሁለተኛውን ቁጥር ያጣዋል። በአጭር መልእክት የሚመጣው ከምንም ይሻላል፤ ስልኩ ላይ በአፕ የሚወጣው ደግሞ ከእሱ ይሻላል፣ ሲም ካርዱ እጃችሁ ላይ ባይኖርም ይሠራልና።

አራተኛ፣ የሰው መሣሪያ ላይ ኢንኮግኒቶ ክፈቱ፣ ስትጨርሱ ውጡ፣ ያወረዳችሁትን ፋይል አጥፉ።

«የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን መጋረጃ የምንሰቅለው ወንጀል ልንሠራ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምናደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር መብት ይሰጠናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃችንን የሚሰበስቡ ድርጅቶች ላይ ግዴታ ጥሏል። ሕግ ግን መብታችሁን ይነግራችኋል እንጂ በራችሁን አይቆልፍላችሁም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «ይህን አፕ ጫን፣ ማንም አያይህም» ሲላችሁ ስድስቱን ቦታዎች አስታውሱ፦ መሣሪያው፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌኮሙ፣ የውጭ መስመሩ፣ የኢሜይል ድርጅቱ፣ ተቀባዩ። ከዚያ «ከየትኛው?» ብላችሁ ጠይቁት። መመለስ ከቻለ ስሙት።